መልእክታችን አልሄድ ሲል ምን እናድርግ?



የዛሬው ንግግራችን በእጅ ስልክ ስለምንልከው አጭር መልእክት ነው። መልእክቱ አልሄድ ሲል ምን እንደምናደርግ እንማራለን።

አንዲት እናት አንበሳሜ ይኖራሉ እንበል። ልጃቸው ባሕር ዳር ነው። እናት የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ልጄ ደህና ነኝ። ማክሰኞ በጠዋት ባሕር ዳር እገባለሁ። መናኸሪያ ጠብቀኝ።»

ይህ መልእክት ሳይሄድ ከቀረ ልጁ አይመጣም። እናት መናኸሪያ ላይ ብቻቸውን ይቆማሉ። ቀጠሮውም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የጻፍነው መሄዱንም ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቅ። መልእክቱ ከእኛ ስልክ በቀጥታ ወደ ልጁ ስልክ አይሄድም። በኔትወርክ ማማ በኩል ወደ መልእክት ማዕከል ይሄዳል። ማዕከሉ እንደ ፖስታ ቤት ነው። ይቀበላል፤ ያሳልፋል። የልጁ ስልክ ከተዘጋ ለጊዜው ያቆየዋል። እንግዲህ «ተልኳል» ማለት «ደርሷል» ማለት አይደለም።

«የሰው መልእክት ይደርሰኛል፤ የእኔ ግን አይሄድም። ምን ነክቶት ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። መላክና መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተላከልንን ለመቀበል ሂሳብ አያስፈልግም። የሚከፍለው ላኪው ነው። ደግሞም ለመላክ ስልካችን የማዕከሉን ቁጥር መያዝ አለበት። ለመቀበል ግን ይህ አያስፈልገውም።

አሁን በተራ በተራ እንፈትሽ።

አንደኛ፣ ምልክቱን እዩ። «!» ቃለ አጋኖ መሆኑን ተምረናል። በብዙ ስልኮች ይህ ምልክት ከመልእክቱ አጠገብ ቀይ ሆኖ ከታየ «አልሄደም» ማለት ነው። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። እንደገና ልንልከው እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ኔትወርኩን እዩ። የአውሮፕላን ሥዕል ከታየ ስልኩ ከኔትወርክ ተለይቷል ማለት ነው፤ አጥፉት። ኔትወርክ ከሌለ ወደ ገላጣ ቦታ ወጣ በሉ።

ሦስተኛ፣ ሂሳባችሁን እዩ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ *804# ብሎ ቢደውል ቀሪ ሂሳቡን ያነባል።

አራተኛ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ። የአገራችን የእጅ ስልክ ቁጥር አሥር አኀዝ አለው። በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲጽፍልን ግን ዜሮዋን ትቶ በፊት +251 ያስገባል።

አምስተኛ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ። አሁንም እምቢ ካለ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ደውሉ። የማዕከሉ ቁጥር ትክክል መሆኑን ጠይቁ። በግምት አትለውጡት።

ስለ ርዝመትም እንናገር። አንድ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ 70 ፊደል ይይዛል። በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ይይዛል። ባዶ ቦታና አራት ነጥብም ይቆጠራሉ። ከዚያ ካለፈ ስልኩ ይከፋፍለዋል፤ ሂሳቡም በየክፍሉ ይታሰባል። የእናትየው መልእክት 46 ብቻ ነው። አጠር አድርጎ መጻፍ ይጠቅማል።

በቤት ኮምፒዩተር ኢሜይል የሚጽፉ ልጆቻችሁም ይኸው ችግር ይገጥማቸዋል። ገቢው ደብዳቤ በአንድ በር ይገባል፤ ወጪው በሌላ በር ይወጣል። የወጪው በር አድራሻ ወይም የይለፍ ቃሉ ከተሳሳተ ደብዳቤ ይመጣል እንጂ አይሄድም። እነሱም ኢንተርኔቱን፣ የተቀባዩን አድራሻ፣ ከዚያም የይለፍ ቃሉን በተራ ይፈትሹ።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ አለን። መልእክት አልሄድ አለ ብላችሁ ስልካችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ። ፊደል ቆጥራችኋል። ምልክቱን ማንበብ፣ ቁጥሩን መቁጠር የራሳችሁ ሥራ ነው።

ልምምድ፦ ለአንድ ዘመዳችሁ ከ70 ፊደል ያላለፈ መልእክት ጻፉ። ቁጠሩ፤ ላኩ። «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቁ።