ብዕርም አማና ነው
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤቶች ውስጥ በዝምታ ወይም በቁጣ የሚታለፍ ነው። ልጆቻችን ይጽፋሉ። በደብተራቸው የኋላ ገጾች ግጥም ይጽፋሉ። በስልካቸው የፍቅር ታሪክ ይጽፋሉ። እኛ ወላጆች ስናገኘው ምን እንላለን? አብዛኞቻችን ሳናነበው "ሐራም ነው፣ ተወው" ብለን እንዘጋዋለን።

አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከዐስር ሶላት በኋላ ከእናቷ ጋር ወደ እኛ መጣች። በእጇ ወፍራም ደብተር ይዛለች። ሰሐቦች ከመካ ወደ ሐበሻ ያደረጉትን ስደት በልብ ወለድ መልክ ጽፋዋለች። ሁለት ክረምት ፈጅቶባታል። "ኡስታዝ፣ አባቴ አቃጥይው ብሎኛል። ላቃጥለው?" አለችን። መልስ ከመስጠታችን በፊት ደብተሩን ተቀብለን አነበብነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዲናችን ይህን በር ዘግቶታልን? በቁርኣን ውስጥ በገጣሚዎች ስም የተሰየመ ሱራ አለ፤ ሱረቱ-ሹዐራእ። በመጨረሻው ላይ በየሸለቆው የሚዋልሉትን፣ የማይሠሩትን የሚናገሩትን ገጣሚዎች ይወቅሳል። ወዲያውም ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን በብዛት ያወሱትን ከወቀሳው ያወጣቸዋል። ወቀሳው ያረፈው ገጣሚው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው እንጂ በግጥሙ ላይ ብቻ አይደለም። ለሐሳን ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) በመስጂድ ውስጥ ሚንበር ይቀመጥለት ነበር። ከዕብ ኢብኑ ዙሀይር ምሕረት ሊጠይቅ መጥቶ ያሰማው ቅኔ በዐረቦች ልማድ በተለየችው ወዳጅ ናፍቆት ይጀምራል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳደመጡትና ካባቸውን እንደሸለሙት የሲራ መጻሕፍት ይዘግባሉ።

በአገራችንም እንደ ሸኽ ጠልሐ ጀዕፈር ያሉ የወሎ ዑለሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም ገጥመዋል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ከመንዙማው ብዙ ነገር በቃሉ ይዟል።

"ግጥሙስ ይሁን፣ የፍቅር ታሪክ ግን ለሙስሊም ምን ይሠራል?" የሚል ይኖራል። እስቲ ቡኻሪ የዘገቡትን የበሪራንና የሙጊስን ነገር እናስታውስ። በሪራን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነፃ አወጧት። ባሏ ሙጊስ ግን ገና በባርነት ላይ ነበር። ነፃ ስትወጣ ከእርሱ ጋር የመኖርም የመለየትም ምርጫ ተሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና መንገዶች ከኋላዋ እየተከተለ ያለቅስ ነበር። እንባው በጺሙ ላይ ይወርድ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፍቅሩና በጥላቻዋ እየተደነቁ ለአጎታቸው ለዐባስ አወሱት። ወደ እርሱ ብትመለስ ምን አለ ብለውም አነጋገሯት። እርሷም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አማላጅ ብቻ መሆናቸውን ነገሯት። እንግዲያውስ አልፈልገውም አለች። ጉዳዩ በዚሁ አበቃ።

አስተውሉ! በዚህ ታሪክ ውስጥ የሙጊስ እንባ አልተናቀም። የበሪራ "አልፈልግም" ማለትም አልተነካም። አንድም የብልግና ቃል የለበትም፤ ልብን ግን ይነካል። የፍቅር ታሪክ መጻፍ የሚሻ ወጣት ከዚህ የተሻለ መምህር ከየት ያገኛል? የኮርዶባው ፈቂህ ኢብኑ ሐዝምም (994–1064 እ.ኤ.አ.) ስለ ፍቅር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። የሰዎችን ገመና ለመሸፈን ሲሉም የብዙዎቹን ስም ደብቀዋል።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው? በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሆን ብሎ የዋሸ መቀመጫውን በእሳት ያዘጋጅ የሚለው ማስጠንቀቂያ በብዙ ሰሐቦች ተላልፎልናል። ስለዚህ ያላሉትን አሉ ማለት ለደራሲም አይፈቀድም። በሰሐቦችም ላይ ቃል መፍጠር ቀላል ነገር አይደለም።

የልጅቱ ደብተር ላይ ያቆመን ይኸው ነበር። ጀዕፈር (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ያደረጉትን ንግግር እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አስተላልፈውልናል። ልጅቱ ግን ከራሷ ሌላ ንግግር ጽፋላቸዋለች። በጣም ያማረ ነው። ችግሩም ማማሩ ነው፤ አንባቢው ሐዲስ መስሎት ለሌላው ያስተላልፈዋል። ጁርጂ ዘይዳን (1861–1914 እ.ኤ.አ.) በእስልምና ታሪክ ላይ ብዙ ልብ ወለዶችን ጽፎ ነበር፤ ታሪክንና ፈጠራን ቀላቅሏል ተብሎ በብዙ ሙስሊም ጸሐፊዎች ተተችቷል። አንባቢው ታሪክ ያነበበ እየመሰለው ፈጠራውን ተሸክሞ ይሄዳልና።

እኛም ልጅቱን እንዲህ አልናት፦ "የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከሹዐይባ ወደብ በነጋዴዎች መርከብ በግማሽ ዲናር እንደተሻገሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። የመርከበኛውን ስም ግን አልነገሩንም። ሌሊት ባሕር ላይ ቁርኣን ሲሰማ ምን ተሰማው? ሐበሻ ሲደርስ ለሚስቱ ምን አላት? እዚያ ላይ ብዕርሽን ልቀቂው። የጀዕፈርን ቃል ግን እንደተላለፈ ተይው። በመጽሐፉ መጀመሪያም የትኛው ታሪክ፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ለአንባቢው ንገሪው።"

ለምን "አቃጥይው" አላልናትም? ከዓመታት በፊት አንድ የመድረሳ ልጅ ግጥም ጽፎ አምጥቶልን ነበር። ሳናነብ "ይልቅ ቁርኣንህን ሒፍዝ" ብለን መለስነው። ግጥም ማሳየቱን አቆመ። ቀጥሎ መምጣቱንም አቆመ። ቁርኣኑንም ግጥሙንም አብረን አጣናቸው። አላህ ይቅር ይበለን።

ወላጆች ሆይ! መጀመሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ፍረዱ። ወጣቶች ሆይ! ብዕር አማና ነው፤ ከብልግና ጠብቁት፣ የሰው ገመና አታውጡበት፣ በዲን ላይ አትዋሹበት።

የዚያች ልጅ ደብተር አልተቃጠለም። የጀዕፈርን ገጾች ራሷ ሰርዛ እንደገና ጻፈቻቸው። አባቷ ነገሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም። የመርከበኛውን ምዕራፍ ሲጨርሱ ግን "ቀጥሎስ ምን ሆነ?" ብለው እንደጠየቋት እናቷ ነግረውናል።

አላህ ምላሳችንንም ብዕራችንንም ለእውነት ያድርግልን። ኣሚን።