ሳይቃጠል በቅጠል



በ2011 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፥ የአካባቢው ሕዝብ በብርቱ ታገለ፤ ከእስራኤልም እሳት አጥፊዎች ለርዳታ መጡ። ይሁን እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ዋልያ የሚኖርበት ጓሳና አስታ ነደደ። እሳት ረዳት እስኪደርስ አይጠብቅምና፥ ሥራችን በጋው ሳይጸና ነው።

በዱር ዳር ያለውን ደረቅ ሣር በስፋት ማጨድ፤ ማር ቆራጭ ጭሱን፥ እረኛም ለሙቀት ያነደደውን በውሃና በአፈር አጥፍቶ እንዲሄድ መምከር፤ ጥሩምባ የሚነፋውን፥ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን የሚያወጣውን ሰው አስቀድሞ መመደብ ይገባል።

ጓደኞቼ ሆይ! ይህ ምክር በደብተራችን ተጽፎ እንዳይቀር፥ በዕረፍታችን ጊዜ ለየመንደራችን እናድርሰው። ነፋስ ከተነሣ ወዲያ ቅጠል አይበቃም።