የዱር እንስሳት የጎዷቸው የጌጥ ዛፎች ዳግም ዕድገት



በከተሞቻችን ዳርቻና በቅጥር ግቢዎች ለውበትና ለጥላ የተተከሉ ዛፎች ከዱር እንስሳት ጋር አንድ መሬት ይጋራሉ። ጃርት በሌሊት የግንዱን ቅርፊት ይልጣል፤ ጦጣ ለጋ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ድኩላ እንቡጥና ቅጠል ይቀነጥባል። ጉዳቱ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትእዛዝ «ይቆረጥ» የሚል ነው። የንግግሬ ጭብጥ፣ ይህ ውሳኔ ከምርመራ በፊት ሊሰጥ አይገባም የሚል ነው።

ምርመራው ከቅርፊቱ ይጀምራል። ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ቅርፊት፣ በፍሎየም በኩል ነው፤ ውኃ ግን በእንጨቱ፣ በዛይለም በኩል ይወጣል። ስለዚህ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ወዲያው አይደርቅም። ቅጠሉ ለወራት ለምልሞ ሊቆይ ይችላል፤ ሥሩ ግን እየተራበ ነው። ልምላሜው አያዘናጋን። በአንጻሩ ልጣጩ ዙሪያውን ካልገጠመ፣ የተረፈው ሕያው ቅርፊት ዛፉን ሊያሻግረው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ዝርያው ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጃካራንዳም እንዲሁ ያቆጠቁጣል። የሀገራችን ጽድ ግን ከጉቶ አያቆጠቁጥም። ለጃካራንዳ መዳኛ የሚሆነው ቆረጣ ለጽድ ሞቱ ነው።

ወደ ክብካቤው ስንመጣ፣ የተላጠው ቅርፊት ገና እርጥብ ሳለ ከተገኘ ወደ ቦታው መልሶ ማሰርና እንዳይደርቅ መሸፈን ይገባል። የተቦጫጨቀው የቁስል ጠርዝ ቁስሉን ሳያሰፉ በስለታም ቢላ ይስተካከላል። ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት አያስፈልግም። አሜሪካዊው የዛፍ ሕመም ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ እንዳስረዳው፣ ዛፍ የተጎዳውን ክፍል ከጤናማው በግድግዳ ይለያል እንጂ እንደ እንስሳ ሥጋ አይጠግግም፤ ቅቡም መበስበስን አይከላከልም። ዙሪያውን ለተላጠና ዋጋው ከፍ ላለ ዛፍ፣ ከራሱ የተቆረጡ ቀንበጦችን ከቁስሉ በላይና በታች ካለው ቅርፊት ሥር አስገብቶ እንደ ድልድይ ማዳቀል ይቻላል።

ከጉቶ የሚወጡትን ቡቃያዎች ወዲያው ማሳሳት አይመከርም፤ የተራበውን ሥር የሚመግቡት እነርሱ ናቸው። ከጠነከሩ በኋላ በሚገባ የተያያዘውን ብርቱውን ለግንድነት መርጦ፣ ሌሎቹን ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያም ለስላሳ ቀንበጥ ያበዛል፤ ይህም በል እንስሳትን መልሶ መጋበዝ ነው። ውኃና ከግንዱ ራቅ ብሎ የተነጠፈ ጉዝጓዝ ይበቃዋል። ጃርት ቆፋሪ ስለሆነ የመከላከያው ሽቦ ግርጌ ከአፈር በታች መቀበር አለበት።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የተተከለውን ችግኝ መቁጠር ለምደናል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ዛፍ የሚሰጠውን ጥላ አዲስ ችግኝ የሚተካው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለሆነም የተጎዳውን ማዳን ከመትከል እኩል ሊቆጠር ይገባዋል።