አዲስ ሜሞሪ የገባለት ኮምፒውተር እምቢ ሲል
(በአንበሳሜ በአባላት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችን ኮምፒውተር የእያንዳንዳችንን ቁጠባና ብድር መዝግቦ ይዟል። ጤፍ፣ ዶሮና የፎገራ ሩዝ ሸጠን የምናስቀምጣት ብር የምትታወቀው በእሱ ነው። ሥራው እየተንቀረፈፈ ስላስቸገረን በነበረው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ ሌላ 4 ጊጋባይት ተገዝቶ ገባለት። ሲከፈት ግን ጮኸ እንጂ ስክሪኑ አልበራም። «አዲሱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዙ» ተባልን። ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ግን ራሳችን ፈተሽነው።

በመጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍተን ሶኬቱን ነቀልን። ሜሞሪውን ከመንካታችን በፊት የሳጥኑን ብረት ነካን፤ ከልብስና ከሰውነት የሚመጣ ኤሌክትሪክ ሜሞሪን ሊያበላሽ ይችላልና።

ቀጥሎ ዓይነቱን አየን። ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት ይሠራሉ፤ የቆረጣቸው ቦታም ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። አልገባ ያለውን በጉልበት መግፋት ቦርዱን መስበር ነው። የእኛ ሁለቱም ዲዲአር 3 ናቸው።

ከዚያ ሁለቱንም አውጥተን አንድ በአንድ ሞከርን። አሮጌው ብቻውን ሠራ። አዲሱም በአሮጌው ቦታ ሲገባ ሠራ። በሁለተኛው ማስገቢያ ግን አሮጌውም አዲሱም እምቢ አሉ። እንግዲያው ጥፋቱ የሜሞሪው ሳይሆን የማስገቢያው ነው። ውስጡ አቧራ ሞልቶት ነበር። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው፤ የሜሞሪውን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ በቀስታ አሸን፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት መያዣዎች «ቀጭ» እስኪሉ ተጭነን አስገባን። ተከፈተ።

መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም። የታመመ ሜሞሪ ኮምፒውተሩን እየከፈተ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በ0 እና በ1 ስለሆነ አንዲት 0 ወደ 1 ብትለወጥ የአንዲት እህት 500 ብር 1,012 ብር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዊንዶውስን የሜሞሪ መፈተሻ አስኬድን። እስኪያልቅ ድረስ ቁጠባ የተመዘገበው በወረቀት መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። ፍተሻው ስህተት አላገኘም።

እህቶቻችን፣ የወረቀቱ መዝገብ አይቅር፤ በየሳምንቱም ሒሳቡ በፍላሽ ይገልበጥ። ይህን ፍተሻ የምታውቅ አንዲት ብቻ አትሁን፤ ሁለት ሦስት ሆነን እንማር። ደጋፊዎቻችን፣ ኮምፒውተር ስትልኩልን የሜሞሪውን ዓይነትና የማስገቢያውን ብዛት ጽፋችሁ ለጥፉበት።