ከቀመሩ በፊት መርሑን እናስተምር



በየአጥቢያው ለተማሪዎች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ስንሰጥ፣ ለእናቶችም የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አሠራር ስናሠለጥን አንድ ስሕተት ስንደጋግም ቆይተናል፤ ቀመሩንና ልኩን እናስጠናለን፤ ምክንያቱን ግን አናስረዳም። ስለዚህ የጥያቄው መልክ ሲለወጥ ተማሪው፣ የምጣዱ ስፋት ሲለያይ ሠልጣኟ መላው ይጠፋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ በፊዚክስ የበሰሉ ሰዎችና ጀማሪዎች 24 ጥያቄዎችን በየወገኑ እንዲለዩ ተደርጓል። ጀማሪዎቹ በሚታየው ዕቃ፣ ለምሳሌ ሞላ ያለበትን ከሞላ ጋር መደቡ፤ የበሰሉት ግን ጥያቄው በሚፈታበት መርሕ ለዩ። በቅኔ ቤት አነጋገር ጀማሪው ሰሙን፣ ሊቁ ወርቁን አየ ማለት ነው።

ጥናቱ የተደረገው በመካኒክስ ጥያቄዎች ቢሆንም፣ ቁም ነገሩ ለቴርሞዳይናሚክስ ማለትም ለሙቀት ትምህርት ይበልጥ ያስፈልጋል። ሊቁ ቀመር ከመፈለጉ በፊት ሥዕል ይሥላል፤ ወሰን ያበጃል፤ ከዚያም «ምን ገባ? ምን ወጣ? ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለንፍሮ የተጣደው ውኃ ከፈላ በኋላ ማገዶ ብንጨምር ንፍሮው ቶሎ ይበስላልን? ወሰናችንን በድስቱ ዙሪያ እናብጅ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 300 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃዋል፤ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ከዚህ 7 እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል። እንግዲህ የተጨመረው ሙቀት በእንፋሎት ይወጣል እንጂ ውኃውን ይበልጥ አያሞቀውም። መፍላቱ እንዳይቋረጥ ያህል እሳቱን መቀነስና ድስቱን መክደን ይበቃል። ይህን የተረዳች እናት ልክ ሳትሸመድድ ማገዶዋን ትቆጥባለች።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን ሦስት ነገር እናሳስብ። አንደኛ፣ ተማሪው ከቁጥር አስቀድሞ ሥዕሉን ይሣል፤ ነገሩንም በራሱ ቃል ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ድስት፣ ምጣድና ማቀዝቀዣ በአንድነት ቀርበው የሚያገናኛቸው መርሕ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ መምህሩ የተዘጋጀ መልስ ብቻ አይጻፍ፤ ሐሳቡን ጮክ ብሎ እየተናገረ፣ ሲሳሳትም እያረመ ይፍታ። ሊቅ ከልምድ ብዛት በልቡ አልፎት የሚሄደው እርምጃ ለጀማሪ ዋናው ትምህርት ነውና።

ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ጠመኔና ትዕግሥት ይበቃዋል። በመጪው ክረምት በየአጥቢያችን እንጀምረው። እግዚአብሔር ይርዳን።