የማይነቀል ዲስክ

እሷ፦ ላፕቶፕ ላይ ቡና ፈሰሰ፤ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ድሮ ቢሆን ጠጋኙ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል፤ ፎቶውም ጽሑፉም ይወጣል። ዛሬስ?

እሱ፦ እንደ ላፕቶፑ ነው። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው፣ «ተች ባር» የተባለ የንክኪ መስመር ባላቸው ማክቡክ ፕሮዎች ላይ ማከማቻውን ከቦርዱ ጋር በየደው። ያኔ ቢያንስ ዳታ ማውጫ መሰኪያ ነበር፤ በ2018ቱ ላይ እሱም ቀረ። ቲ2 የሚባለው ቺፕ ደግሞ ዳታውን ስለሚመሰጥር፣ ማከማቻው ተፈልቅቆ ቢወጣም አይነበብም።

እሷ፦ ምስጠራውን አልቃወምም፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ይጠብቀኛል። የምቃወመው «ባክአፕ ያዙ» እየተባለ የብየዳው ጉዳይ ሲድበሰበስ ነው። የትናንት ማታ ባክአፕ ዛሬ ጠዋት የጻፍኩትን አይመልስልኝም።

እሱ፦ ልክ ነሽ፤ ግን የሚነቀለውም ኤስኤስዲ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሞት ይችላል። ያኔ ብሎን መፍቻ አያድንም። የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘ ተማሪ ዛሬውኑ ውጫዊ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፤ ከፍቶ ይየው፤ ከዚያም ይንቀለው። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ሊቆለፍ ይችላል።

እሷ፦ ገዢም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፦ ማከማቻው ኤም ዶት ቱ (M.2) የሚባለው የሚነቀል ዓይነት ነው ወይስ የተበየደ? ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ የሚነቀል ዲስክ ያለው ቀጭን ላፕቶፕ እየሸጠ፣ «የሚበየደው ለቅጥነት ሲባል ነው» የሚለው ምክንያት እኔን አያሳምነኝም።