ሚኒመሙ የሚያስከፍለን



አሜሪካ እንደ ገባን አብዛኞቻችን የሰማነው የመጀመሪያው የገንዘብ ምክር «ካርድ አውጣ፣ ክሬዲትህን ሥራ» የሚል ነበር። ምክሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ስለ ወለዱ የነገረን አልነበረም፤ ዛሬ የምናገረውም ስለዚያው ነው።

ካርዱ ወደ ሕዝብ የገባበት መንገድ ራሱ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶችን ማንም ሳያመለክት በፖስታ አደለ። ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚያ የተነሣ ነው። ከጅምሩ ተበዳሪው ብድሩን አልፈለገም፤ ብድሩ ነው ተበዳሪውን ፈልጎ ቤቱ ድረስ የሄደው። በ1978 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ብሔራዊ ባንክ ወለድ ማስከፈል የሚችለው በመቀመጫው ክፍለ ግዛት ሕግ ነው ብሎ ፈረደ። ብዙም ሳይቆይ ደቡብ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክም የካርድ ሥራውን ወደዚያው ወሰደ። ሜሪላንድ ተቀምጠን ስንበደር የምንዳኘው እግራችን ረግጦት በማያውቅ ክፍለ ግዛት ሕግ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዘገይ ይቅርታ። 5,000 ዶላር የካርድ ዕዳ አለብን፣ ወለዱም በዓመት 22 ከመቶ ነው እንበል። የወሩ ወለድ ብቻ 92 ዶላር ገደማ ይሆናል። ብዙ ባንኮች ሚኒመም፣ ማለትም የወሩ ዝቅተኛ ክፍያ፣ የሚሉት ይህን ወለድና ከዋናው ዕዳ 1 ከመቶውን ነው፤ ይኸውም በጠቅላላው 142 ዶላር ያህል። ተበዳሪው አንድ ቀን ሳያሳልፍ ሚኒመሙን እየከፈለ፣ በካርዱም ምንም ሳይገዛ ቢቀጥል፣ ዕዳው በግማሽ የሚቀንሰው ከአምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ለዚያች ለተቀነሰችው 2,500 ዶላር የከፈለው ወለድ 4,580 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በየወሩ 250 ዶላር ቢከፍል ግን በ26 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገላገላል፤ ወለዱም ከ1,300 ዶላር አይበልጥም። ይህን የምላችሁ ከኪሴ አውጥቼ አይደለም። በ2009 የወጣው ሕግ ባንኮች በየቢሉ ላይ ሚኒመም ብቻ ከተከፈለ ዕዳው ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስም በወር ስንት እንደሚያስፈልግ እንዲጽፉ ያስገድዳል። ቢሉን ገልጦ የሚያየው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወደ ዕዳ የሚያስገባን ቅንጦት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። በእኛ ዘንድ ካርዱ የሚሞላው እናት ታመው በድንገት በሚቆረጥ የአዲስ አበባ ትኬት ነው፤ ኡበር የሚሠራው ወንድማችን መኪናው ሲበላሽበት ነው፤ በለቅሶና በሠርግ ነው። አይመጣም ያልነው ዕዳ ከሜዳ ይመጣል። ስለዚህ ያለ ካርድ ለመኖር የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ለእንዲህ ያለው ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ነው። አንድ ሺህ ዶላር እንኳ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ቢቀመጥ፣ መኪናው በተበላሸ ቁጥር ካርድ መምዘዝ ይቀራል።

ዕቁባችንንም በዚህ ዓይን እንየው። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ሆኖም መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ተበዳሪ፣ መጨረሻ የሚወጣለት ቆጣቢ መሆኑን አንርሳ። የካርድ ዕዳ ላለበት ሰው ዕጣው የወጣለት ዕለት ብሩን በሙሉ ወደ ካርዱ ቢያዞረው፣ 22 ከመቶ የሚበላውን ዕዳ ምንም በማይበላ ዕዳ ለወጠው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዕቁቡን ማቋረጥ ግን ነውር ነው፤ ዳኛውም ዋሱም አይለቁትም።

ካርድ ጨርሶ መጣል አለብን ወይ ለምትሉኝ፦ ቢሉን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው በግዢው ላይ ወለድ የለበትም፤ እንዲያ ያለውን ሰው አልነካውም። ዴቢት ካርድም የራሱ ጉድለት አለው። ካርድ ተሰርቆ ሌባ ቢጠቀምበት፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ ኃላፊነታችንን በ50 ዶላር ይገድበዋል። በዴቢት ግን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላስታወቅን እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የሚሄደውም ከራሳችን ሒሳብ ነው። ስለዚህ በዴቢት የምትኖሩ ሰዎች ሒሳባችሁን ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ።

የቀረው «ካርድ ሳልይዝ ክሬዲት ስኮር ከሌለኝ ቤት እንዴት እገዛለሁ?» የሚለው ነው። ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና የሚሰጡ የቤት ብድሮች፣ ስኮር የሌለውን አመልካች በቤት ኪራይና በመብራት ክፍያ ታሪኩ እንዲመዝኑት ይፈቅዳሉ፤ የሚታየውም የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። ሁሉም አበዳሪ ይህን አይሠራም፤ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ። ቤዝመንት ተከራይታችሁ ለአገራችሁ ልጅ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ካላችሁም ከመጪው ወር ጀምሮ በቼክ ክፈሉ፤ በጥሬው የሰጣችሁትን ለአበዳሪው ማስረዳት ያስቸግራልና።